አጥቂው ኳሷ ከመምጣቷ በፊት የት ነበር?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ወጣት አጥቂዎች ሜዳ ላይ ስለሚይዙት ቦታ የቀረቡትን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመቱ ልጄ ጠንካራ ምት አለው፤ ሆኖም ደጋግሞ ይሞክራል እንጂ አያስቆጥርም። የምት ልምምዱን ያብዛ?

መልስ፦ ምቱን ከመውቀስዎ በፊት የሚመታው ከየት እንደሆነ ይመልከቱ። የግቡ ስፋት 7.32 ሜትር ቢሆንም ለመቺው የሚታየው ክፍተት እንደቆመበት ቦታ ይለያያል። ከፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ፣ ማለትም ከግቡ መሐል ትይዩ በ11 ሜትር ርቀት ላይ ያለ አጥቂ፣ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል 37 ዲግሪ ገደማ የሚሆን ማዕዘን ያገኛል፤ ከግቡ መስመር ያለውን ርቀት ሳይለውጥ 11 ሜትር ወደ ጎን ቢወጣ ግን ይኸው ማዕዘን ወደ 19 ዲግሪ ይጠብበታል፤ ግብ ጠባቂው ጥቂት እርምጃ ወደፊት ሲወጣ ደግሞ ከዚያም አብዛኛውን ይሸፍንበታል። ወጣቶች ኳስ ለማግኘት ሲጓጉ ተከላካይ ወደሌለበት መስመር ይሳባሉ፤ ኳሷን ያገኛሉ፣ ግቡን ግን ያጣሉ። በሚቀጥለው ጨዋታ እያንዳንዱን ሙከራ በወረቀት ላይ በነጥብ ይመዝግቡ፤ ነጥቦቹ በሳጥኑ ግራና ቀኝ ከበዙ መታረም ያለበት ሩጫው ነው።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ክሮስ ሲሻገር ቀድሜ ግብ አፍ ላይ ብቆምም ተከላካዮች ሁልጊዜ ይቀድሙኛል።

መልስ፦ የሚቀድሙህ ቀድመህ ስለቆምክ ነው። የቆመን አጥቂ ተከላካዩ ከኳሷ ጋር በአንድ እይታ ይይዘዋል። ከጀርባው፣ በሩቁ ቋሚ በኩል ቆይ፤ ኳሷን ለማየት ፊቱን ሲያዞር አንተን ያጣሃል። አሻጋሪው ለመምታት አንገቱን ሲደፋ ወደ ሩቁ ቋሚ የምትሄድ አስመስለህ በተከላካዩ ፊት ወደ ቅርቡ ግባ። ተከላካዮቹ ወደ ግባቸው እየሮጡ ከሆነ ግን ፍጥነትህን ቀንስ፤ እነርሱ ሲያልፉ ክፍተቱ ከኋላቸው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የምዕራብ ጀርመኑ አጥቂ ጌርድ ሙለር ኔዘርላንድ ላይ የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው ወደ ኋላው የቀረችበትን ኳስ ተመልሶ ዞር ብሎ በመምታት ነው፤ ይህን ግብ ደጋግመህ እንድታየው አጥብቄ እመክርሃለሁ።

ጥያቄ፦ በየጨዋታው ከጨዋታ ውጪ እባላለሁ። ከመጨረሻዋ ተከላካይ እኩል መሆን ጥፋት ነው?

መልስ፦ ግብ ጠባቂዋ ከኋላ እስካለች ድረስ አይደለም፤ እኩል መሆን ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷል። ቦታሽ የሚለካውም ኳሷ ከአቀባይሽ እግር ስትወጣ እንጂ አንቺ ስትቀበያት አይደለም፤ ስለዚህ ሩጫሽን ከተከላካዮቹ መስመር ጋር ትይዩ ጀምሪና ኳሷ ስትወጣ ወደ ግቡ ታጠፊ።

ጥያቄ፦ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ይህን እንዴት ላስለምዳቸው?

መልስ፦ «እዚህ ቁም» ከማለት ይልቅ ኳሷ ከመምጣቷ በፊት ዞር ብለው ማንን እንዳዩ ይጠይቋቸው። ኳስ ያላገኘውን ልጅ ሩጫም ጮክ ብለው ያመስግኑለት፤ ጓደኛው ነፃ ሆኖ ያስቆጠረው እርሱ ተከላካዩን ይዞለት ስለሄደ ነውና።