በዙር መካከል ስንት ደቂቃ እንረፍ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። ብረት ማንሳት ከጀመርሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ከሥራ ስወጣ ያለኝ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ጂም ያሉ ልጆች «ከ30 ሰከንድ በላይ ካረፍህ ጡንቻው ይቀዘቅዛል፣ አያድግም» ስላሉኝ እንደዚያው እያደረግሁ ነው። ነገር ግን በቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተጋድሞ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት) 60 ኪሎ በመጀመሪያው ዙር 10 ጊዜ አነሳና በሚቀጥለው 6፣ ከዚያ 4፣ በመጨረሻ 3 ላይ እቀራለሁ። ኪሎ ልቀንስ ወይስ እስክለምደው ልቀጥል?

መልስ፦ ኪሎውን ተወው፤ ዕረፍቱን ጨምር። አሁን የምታነሳው ሲደመር 23 ጊዜ ነው። በየዙሩ መካከል ሁለት ደቂቃ ተኩል ብታርፍ ያንኑ 60 ኪሎ ለምሳሌ 10፣ 9፣ 8፣ 7 ልታደርሰው ትችላለህ፤ 34 ማለት ነው። ደረትህን የሚያሳድገው ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው እንጂ ማለክለክህ አይደለም።

ጡንቻ ከባድ ነገር ሲያነሳ መጀመሪያ የሚነካው ፎስፎክሬቲን የተባለውን የራሱን ስንቅ ነው። ከዚህ ግማሽ ያህሉ በ30 ሰከንድ ገደማ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ግን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈጃል። አንተ በግማሽ ስንቅ ነው የምትነሳው። በአጭር ዕረፍት ሲሠራ ጡንቻው ማቃጠሉና መወጠሩ እውነት ነው፤ የወጠረው ግን ደምና ፈሳሽ ስለሆነ ቤትህ ገብተህ ሳትተኛ ይጎድላል። «አጭር ዕረፍት የእድገት ሆርሞን ይጨምራል» የሚሉም አሉ። ይጨምራል፤ ግን ወዲያው ስለሚወርድ ለጡንቻ ያን ያህል አይጠቅምም። የጡንቻ እድገት ተመራማሪው ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ልምድ ያላቸው 21 ወጣት ወንዶች ለ8 ሳምንት ሠርተው ነበር። በዙር መካከል 3 ደቂቃ ያረፉት 1 ደቂቃ ካረፉት ይልቅ በስኳትም (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) በቤንች ፕሬስም በረቱ፤ የፊት ጭናቸውም የበለጠ ወፈረ።

አጭር ዕረፍት የራሱ ቦታ አለው። ላተራል ሬይዝ (ክንድን ወደ ጎን ማንሳት)፣ የባይሴፕስና የትራይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊትና የኋላ ጡንቻ) ሥራ፣ ባት፦ ለእነዚህ ከ45 እስከ 75 ሰከንድ ይበቃል። ስኳትና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ላይ ግን ከ3 ደቂቃ አትውረድ። እዚያ ሲቻኮሉ ከእግር በፊት ትንፋሽ ያልቃል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ ቀሪውን ታውቀዋለህ።

አንድ ሰዓትህን ለማብቃቃት ደረትንና ጀርባን አፈራርቅ። ቤንች ሥራ፤ 60 ሰከንድ እረፍ፤ ጎንበስ ብለህ ሁለት ደምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ወደ ሆድህ ሳብ፤ 60 ሰከንድ እረፍ፤ ወደ ቤንች ተመለስ። ደምቤሉ 40 ሰከንድ ከወሰደብህ ደረትህ 160 ሰከንድ አርፏል፤ አንተ ግን ቆመህ አልጠበቅህም። ማታ ጂሙ ሲሞላ ሁለት ቦታ መያዝ ያጣላል፤ ደምቤሎቹን እዚያው ቤንቹ ሥር አስቀምጣቸው። ሦስት ሆናችሁ በአንድ ቤንች የምትፈራረቁ ከሆነ ደግሞ ኪሎ እየቀያየራችሁ ተራህ እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ያልፋልና ሰዓት ማየትም አያስፈልግህ።

ብቻህን ስትሠራ ግን ብረቱን ከሰቀልህበት ቅጽበት ጀምሮ ቁጠር። ስልክ ከፍተህ መልእክት ማንበብ ከጀመርህ ሁለት ደቂቃው ስድስት ይሆናል። በትንንሾቹ ሥራዎች ላይ ዕረፍት ማሳጠር ካሻህ በሳምንት 10 ሰከንድ ብቻ ቀንስ፤ በሁለተኛው ዙር ያነሳኸው ብዛት ከመጀመሪያው በ3 ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ ዕረፍቱን ወደ ነበረበት መልሰው።

ጥያቄ፦ ከመተማ ወደ ጎንደር ከተዛወርሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። እዚያ አንድ ደቂቃ እያረፍሁ የምሠራውን ስኳት እዚህ መጨረስ አቃተኝ። ሰውነቴ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ከቆላ ወደ ወይና ደጋ ወጥተሻል። መተማ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በታች፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናቸው። ፎስፎክሬቲን መልሶ የሚሞላው በኦክስጅን ነው፤ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ስኳት ላይ ለሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ከላይ ባልነው 3 ደቂቃ ላይ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ጨምሪ፤ ኪሎሽ ባለበት ይቆይ። ትንፋሽሽ መለስ ሲል ቀስ በቀስ ወደ 3 ደቂቃው ተመለሺ። ቁጭ ብለሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ግን ይህ የዕረፍት ጉዳይ አይደለምና ሐኪም ይይሽ።