እንግዳ በበዛበት ወር ልጆችን ይዞ መውጣት

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ8 ወር ወንድ ልጅ አሉን። ከገና ወዲህ ቤታችን እንግዳ ተለይቶት አያውቅም፤ እኛም በየዘመዱ ቤት ስንዞር ከረምን። ለጥምቀት የባለቤቴ እናትና ሁለት እህቶቹ ከደብረ ታቦር ይመጣሉ። እማማ ጣና ደሴት ላይ ያለውን ክብራን ገብርኤል ገዳም መሳለም፣ እህቶቹ ጢስ ዓባይን ማየት ይፈልጋሉ። ጥር ሳይወጣ ደግሞ ሁለት ሰርግ አለብን። ልጆቹ ሌሊት ሌሊት መነጫነጭ ጀምረዋል። ሁሉን እንዴት እናዳርሰው?
እናት፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ

መልስ፦ እህታችን፣ ሁሉን ለማዳረስ አትሞክሩ። በሳምንት አንድ ረጅም መውጫ ይበቃል፤ ማግስቱን ቤት ዋሉ። የ4 ዓመት ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ የ8 ወሩ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል። ከልክ በላይ የደከመ ሕፃን ቶሎ አይተኛም፣ ቢተኛም ይባንናል፤ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከሌለ መነጫነጩ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። ወደ ሰርጎቹ ልጆቹን ለምሳ ብቻ ውሰዷቸው፤ ማታውን ከሁለት አንዳችሁ ከእነሱ ጋር ቅሩ።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም። እማማ ደሴቱ ድረስ ሄደው እንዳያዝኑ ከወዲሁ ንገሯቸው። ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ያስገባል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ያለው ደብረ ማርያም ደግሞ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ልጅ ለያዘ ሰው እኛ የምንመርጠው እሱን ነው። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ለመሄድ ከታሰበ ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከወረዱ በኋላም በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ መራመድ አለ። የእማማ ጉልበት ካልቻለ ዘጌ ደሴት ስላልሆነ በመኪናም ይገባል። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነውና ከሕፃን ጋር ያን ቀን አትሂዱ፤ ሰዉ ብዙ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ በጠዋት ተነሡ። በበጋ ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተሳፍራችሁ ከ6 ሰዓት በፊት ብትመለሱ የሕፃኑም የቀን እንቅልፍ አይበላሽም።

ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የልጅ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ልጅቷን አልብሳችሁ ማሰሪያውን ሁሉ አጥብቁ፤ ከዚያ ጃኬቱን ከሁለት ትከሻዋ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጯንና ጆሮዋን አልፎ ከሸሸ ሰፍቷታል ማለት ነው፤ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ሲንሳፈፍ እሷ ከሥሩ ትሾልካለች። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ የማይሆነው ለዚህ ነው። ጀልባ ላይ ሕፃን አትዘዪ፣ በአንቀልባም አትሰሪው። ጀልባው ቢገለበጥ አንቺን ጃኬትሽ ሲያንሳፍፍ የታሰረው ልጅ ፊቱ ውሃ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ፈትቶ ለማውጣትም ጊዜ የለም። ለእሱ የሚሆን ጃኬት ካልተገኘ ከሁለቱ እህቶች አንዷ ጋር ቤት ይቅር። እኛ ብንሆን ብንቸገርም ይህን አናልፍም።

ጢስ ዓባይን በዚህ ወር ተዉት። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ እህቶቹ ጭል ጭል የሚል ውሃ አይተው ይመለሳሉ። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይምጡ፤ ያኔ ውሃው ሙሉ ነው፣ ጭቃውም ቀለል ይላል። ለአሁኑ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ዓባይን ቁልቁል ማየት ለልጅቷም አይከብዳትም።

ሕፃኑ 9 ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት አለው። በእንግዳ ወከባ የሚረሳው ይኸው ስለሆነ ቀኑን ከካርዱ ላይ አሁኑኑ እዩ። እንግዶችም ማር እንዳያልሱት፤ ዓመት ሳይሞላው ማር ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ ሊያመጣበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዘመድ ጥየቃ ሰንብተን ከተመለስን በኋላ ልጄን ትኩሳት ያዘው። አገራችን ደጋ ነው፤ ወባ ሊሆን ይችላል?
አባት፣ ከደብረ ታቦር

መልስ፦ አዎ፣ ይችላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባ አለባት፤ ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሣል። ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን አስመርምሩ፤ ባሕር ዳር ሰንብቶ መምጣቱንም ሳትጠየቁ ለባለሙያው ተናገሩ። ካንቀጠቀጠው፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ሳታድሩ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ሽርሽር ላይ ሐይቁ ዳር እግራቸውን ነክረው ሲጫወቱ ዋሉ። ቶሎ በፎጣ አደረቅናቸው፤ ይበቃል?
ከጣና ዳር

መልስ፦ አይበቃም። የብልሃርዝያ እጭ ቆዳ ለመብሳት የሚፈልገው ደቂቃዎችን ብቻ ነው። ደንገልና ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ደግሞ እጩ የሚወጣበት ቀንድ አውጣ የሚበዛበት ስለሆነ ይብሳል። ዛሬ ብታስመረምሯቸው ምንም አይታይም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ሰገራቸውን አስመርምሩ። ከተገኘባቸው መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚታዘዘው በክብደት ስለሆነ ለአንዱ የተሰጠውን ለሌላው አታካፍሉ።