ደራሲ ከመጥራታችሁ በፊት

ባለፈው እሑድ ሦስታችሁ በራፌ ላይ ቆማችሁ «ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ደራሲ ልናስመጣ አስበናል፤ የጥሪ ደብዳቤ አጻጻፍ ያሳዩን» አላችሁኝ። አሳየኋችሁና ሸኘኋችሁ። ከሄዳችሁ በኋላ ግን ቅር አለኝ። ደብዳቤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ልነግራችሁ የሚገባኝን ዋናውን ነገር ሳልነግራችሁ ነው የሸኘኋችሁ። ይኸው በወረቀት ልሞክረው። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው ነገር ማስረዘም ልማዱ ነውና ታገሡኝ።

ከራሴ ውርደት ልጀምር። ወጣት መምህር ሳለሁ፣ እንደናንተው ደም ትኩስ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ስሙ የታወቀ ደራሲ ወደዚህች ከተማ ለመምጣት እሺ አለን። ቀኑን ቅዳሜ አደረግነው፤ ቅዳሜ ሰው ከየገጠሩ ስለሚወጣ አዳራሹ ይሞላል ብለን። ወሩ ታኅሣሥ ነው። እናንተ የገበያ ልጆች ናችሁና ቅዳሜና ታኅሣሥ ሲገናኙ እዚህ አገር ምን እንደሚሆን ይገባችኋል። እኛ ተምረናል ያልነው ግን አልገባንም። አዳራሹን ከበርበሬ ተራው የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተደረገ። ከዚያ የመክፈቻ ንግግር። ከዚያ መልእክት። ከዚያ በፕሮግራሙ ላይ ያልነበረ ሌላ መልእክት። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሄደ። ደራሲው ተነሥቶ «የተከበራችሁ» ሲል፣ ከአጥሩ ወዲያ አንዱ ነጋዴ ጆንያውን ገለበጠ፤ የበርበሬው አቧራ በመስኮት ገባ። እንግዳችን «ታዳሚዎች» ላይ ሳይደርስ አስነጠሰው። የፊተኛው ረድፍ ተከተለው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሰዉ ዓይኑን በነጠላ እየጠረገ ግማሹ ወጣ፤ የወጣው ደግሞ ገበያው ውስጥ ቀረ።

በካርቶን ካመጣቸው 60 መጻሕፍት 4 ተሸጡ። ሁለቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ካርቶኑን አውቶቡስ ላይ ስጭንለት «የአገራችሁ በርበሬ መልካም ነው» ብሎ ሁለት ኪሎ ገዝቶ ሄደ።

ይህን አሁን እየሳቅሁ ነው የምጽፈው። ሳቅ የማይሆንልኝ ሌላው ነው። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ማንም እጁን አላወጣም። መድረክ መሪው እኔ ነበርኩና ዝምታውን ለመስበር «ለመጻፍ ያነሣሣዎት ምንድን ነው?» አልኩት። ደራሲው ዞር ብሎ አየኝ። መጽሐፉን እንዳላነበብኩ ገባው። ያነበብኩት የጀርባ ሽፋኑን ብቻ ነበር፤ እሱንም በዚያው ቀን ጠዋት። በትሕትና መለሰልኝ፣ ሰው ፊት አላዋረደኝም። ግን ያ እይታው ትዝ ሲለኝ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ ከዚያ ደግሞ እኛ ድረስ የመጣ ሰው፣ አንድም አንባቢ አላገኘም። ወንበር ነው ያስቀመጥንለት።

በርበሬውን በቀን መለወጥ ይቻላል፤ ንግግሩንም ማሳጠር ይቻላል። ሳያነብ የጠራ ሰው ግን ምንም መላ የለውም። ከደብዳቤው በፊት ልነግራችሁ የሚገባኝ ይህንን ነበር።

አሁን ሌላ ነገር ላስታውስ። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የኛ ሰፈር ሬዲዮ የነበረው አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። መጽሐፉ በ1958 የታተመ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የኛው የጎጃም ልጅ፤ ማንኩሳም ዲማም ውስጡ አሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ልብስ ሰፊው እግሩን ከሲንጀሩ ፔዳል ላይ ያነሣል። ኪሳራ ነው፣ የሚጠብቅ ደምበኛ አለ፤ ግን ደምበኛውም ቁጭ ብሎ ይሰማል። ደጃፉ ላይ እህል የጫነ አህያ ይዞ የቆመ ሰው አይቻለሁ፤ አህያው ጭነቱ ከብዶት ይቁነጠነጣል፣ ባለቤቱ ንቅንቅ አይልም። በማግስቱ ውኃ ቦታ፣ ጠላ ቤት፣ ገበያ ላይ ጭቅጭቅ ነው፤ ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ እሱ ብቻ ነው ጤነኛው? ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ያን ያህል የሚጠብቁት ለክብር ነው ወይስ ለትዕቢት? ፊደል የማይለዩ ሰዎች የሰብለን ነገር አንሥተው ሲጣሉ ሰምቻለሁ። ደራሲው አልመጣም፣ አዳራሽ የለም፣ ባነር የለም። የሥነ ጽሑፍ መድረክ ነው ብሎ የጠራውም አልነበረም።

ስለዚህ እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚያ ነው። ጮክ ብሎ ከማንበብ። ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ አለው፤ በእረፍት ሰዓት ዘፈን ከሚለቅ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ይነበብበት። የሚያነብላችሁን ሰው ግን ምረጡ። ቆንጆ ድምፅ አለኝ የሚለውን አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚተነፍስ የሚያውቀውን።

መጽሐፍ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ዕቁብ አታውቁም? አሥራ ሁለት ሁኑና ሦስት ቅጂ ግዙ። አንዱ ቅጂ ለአራት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አሥር ቀን፤ በአርባ ቀን አሥራ ሁለታችሁም አንብባችሁ ጨረሳችሁ ማለት ነው። ደራሲው የሚመጣበትን ቀን ከዚያ በኋላ ቁረጡት። ተራውን የሚጽፍ አንድ ደብተር ይኑር፤ ደብተሩን የምትይዘው ደግሞ ወዳጅነት የማይገታት ሴት ልጅ ትሁን። ከልምድ ነው፤ ወንዶቹ «ነገ አመጣለሁ» ይባባላሉ።

በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍስ? ይህን ስጽፍ ፊታችሁ ይታየኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም የማይገኝ መጽሐፍ ሲላክልኝ ከፍቼ አይቻለሁ። ሆኖም በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ፣ ለወራሾቹ ደግሞ እሱ ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ድረስ መብቱን ይጠብቃል። ሕጉ ቢቀር እንኳ ነገሩን በገበያ አስቡት፦ ከአንድ ገበሬ ማሳ እሸት ሰርቃችሁ በልታችሁ፣ በማግስቱ ያንኑ ገበሬ «ስለ እሸትዎ ይንገሩን» ብላችሁ ትጋብዙታላችሁ? ሦስት ቅጂ በአሥራ ሁለት ሰው ገንዘብ ይገዛል። ግዙ።

ወደ መድረኩ ስትመጡ፣ ይህች አገር ከማንም የማትበደረው ትምህርት አላት። እኔ ቅኔ ቤት የገባሁት ለሁለት ክረምት ነው፤ ባለ ሁለት ስንኝ ከሆነው ከመጀመሪያው ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና አላለፍኩም። ግን አንድ ነገር አየሁ። ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለት አዲስ ይደርሳል፤ ከዚያ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል፣ በጓደኞቹ ፊት። ቤቱ ከመታ፣ ሰምና ወርቁ ከገጠመ «ይበል!» ይባላል። ካልገጠመ የኔታ እዚያው ያርሙታል፤ ማንም አያጨበጭብለትም፣ ማንም ደግሞ አያዝንለትም። በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ቤቶች ስማቸው በአገሩ ሁሉ የተጠራው፣ ደብረ ኤልያስ እንደ ዮፍታሔ ንጉሤ ያለ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ያወጣችው እንዲህ ባለ ወንበር ነው።

የዛሬ የግጥም ምሽቶቻችሁ ላይ ግን ለሁሉም እኩል ይጨበጨባል። ባለፈው የጠራችሁኝ ጊዜ አሥራ አንድ ልጆች አነበቡ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አጨበጨብን። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች እውነተኛ ስንኝ የነበራት። ስለ እናቷ መሶብ ነበር የጻፈችው፤ ክዳኑ ሲነሣ ስለሚሰማው ድምፅ። ጭብጨባው ለሷም ለሌላውም አንድ ስለነበር ጥሩ መጻፏን ሳታውቅ ወደ ቤቷ ሄደች። ይህ በደል ነው። እርማት መስጠትም መቀበልም ልመዱ። ደራሲው ሲመጣ ሦስት ልጅ ብቻ፣ እያንዳንዱ አንድ አጭር ግጥም ያንብብ፤ እንግዳው ደግሞ ፊት ለፊት ይረም። ካፈረ ያፍር። እኔ ጉባኤ ቃና ላይ ያፈርኩት እስከ ዛሬ ጠቅሞኛል።

ስለ ጥያቄም አንዲት ነገር። «ጥያቄም አስተያየትም አለኝ» ብሎ የሚነሣውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ በየከተማው አንድ አለ። ማይኩን አትስጡት። ጥያቄ የገጹን ቁጥር ይዞ ይምጣ።

ይህን ከምር ያየሁት ከውርደቴ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንዲት ደራሲ መጥተው ነበር። የዚያን ጊዜ አዳራሽ አልጠየቅንም፤ በመማሪያ ክፍል፣ ዴስክ ላይ፣ አሥራ አራት ሰው፣ ሁላችንም ያነበብን። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ እህል ነጋዴ ዝናቡን ሽሽት በሩ ጥግ ገብተው ቆመዋል። ደራሲዋ አንድ ገጽ አነበቡልን፤ ገጸ ባሕርዩ በነሐሴ ጀምበር ጤፍ ያጭዳል። ነጋዴው ሳቁ። «እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉ፣ «በነሐሴ ጤፍ የሚታጨደው የት አገር ነው? ሐምሌ የዘራነው ገና መሬቱን አልሸፈነም እኮ።» ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ገበሬ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ አላየሁትም። ደራሲዋ ቀይ ሆኑ፣ ከዚያ እስክሪብቶ አወጡና የራሳቸው ቅጂ ላይ ነሐሴን ሰርዘው ኅዳር ብለው ጻፉ። ኅዳር ሲሆን ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ያለው ጭቃ አብሮ መውጣት አለበት ተባለ። ጭቃው ከወጣ ሰውየው አዳልጦት መውደቁ ይቀራል። ካልወደቀ ልጅቷ እንዴት ታየዋለች? አንድ ሰዓት ተኩል በዚህ ተከራከርን። ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ነጋዴውም አልሄዱም።

የቀረው ትንንሽ ነው፣ ቶሎ ልበለው። እሑድ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን ከበላ በኋላ ይሁን። እንግዳውን በደረሰበት ቀን መድረክ ላይ አታውጡት፤ አንድ ሌሊት ይደር። ያለ ማይክ ድምፅ የሚሰማበት ክፍል ምረጡ፣ መብራት መሄዱ አይቀርምና። ባለሥልጣን ከመጣ በክብር ይቀመጥ፣ ንግግሩ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ሞንታርቦ በባጃጅ ጭናችሁ ከተማውን ብታዞሩ ሰው ይመጣል፤ ግን ያላነበበ ሰው ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እኔ እተወዋለሁ።

እንግዳው ባይመጣስ? ይህንንም አስቡበት። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን አውቃለሁ የሚል የለም። የተቀጠረው ቀን ደርሶ ደራሲው ዓባይን መሻገር ካልቻለ አሥራ ሁለታችሁም በሰዓቱ ተገኙ፣ መጽሐፉን ዴስኩ ላይ አስቀምጡ፣ ተከራከሩ። የተባባላችሁትን አንዳችሁ ጻፉና በስልክ ላኩለት። እኔ ደራሲ ብሆን ከአንድ አዳራሽ ጭብጨባ ያን ወረቀት ነበር የምመርጠው።

ለመነሻ ከኔ ዘንድ ሁለት ቅጂ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። አንዱ ጥሩ ነው። ሌላው መሐሉ ተገንጥሎ በክር ሰፍቼዋለሁ፤ ገጾቹን እንደሰፋኋቸው ነውና ስትገልጡ አትጎትቱት። ሦስተኛውን ቅጂ እናንተ ፈልጉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኑ፤ ደብተር የምትይዘዋን ልጅም ይዛችኋት ኑ። የመሶቧን ልጅ ማለቴ ነው።