አውሮፕላን መሬት ላይ እንዴት ይጋጫል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች ገና ሳይነሱ መሬት ላይ ተጋጩ ሲባል ሰማሁ። አብራሪው አያይም እንዴ? ሜዳው ሰፊ አይደል?

መልስ፦ የሚገርመው ነገር ብዙ ጊዜ በደንብ አያይም። ጭራቸው ስር ትንሽ ጎማ ያላቸው አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሲሆኑ አፍንጫቸው ወደ ላይ ስለሚቀና ፊት ለፊት ያለውን ይጋርደዋል፣ ለዛ ነው አብራሪዎቹ እባብ መሰል ዚግዛግ እየሰሩ በጎን በኩል እያዩ የሚሄዱት። ክንፉም አለ፣ ሴስና 172 የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 11 ሜትር ገደማ ነው፣ ከቆመ አውሮፕላን አጠገብ ሲታለፍ ጫፉ ይነካል አይነካም የሚለውን ከወንበር ላይ ሆኖ መገመት ከባድ ነው።

ለኔ ግን ዋናው ራዲዮው ነው። ብዙ ትንንሽ ኤርፖርቶች መቆጣጠሪያ ማማ የላቸውም፣ አብራሪዎቹ ራሳቸው በጋራ ፍሪኩዌንሲ "እዚህ ነኝ፣ ልነሳ ነው" እየተባባሉ ነው የሚሰሩት፣ አንዱ ካልሰማ አለቀ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1996 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ኩዊንሲ በሚባል ማማ የሌለው ኤርፖርት፣ እያረፈ የነበረ ቢችክራፍት 1900 የሚባል የመንገደኞች አውሮፕላን በሚያቋርጠው መንደርደሪያ ሊነሳ ከሚሮጥ ኪንግ ኤር ከሚባል ትንሽ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በሁለቱም ላይ የነበሩት 14 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የሚያሳዝነው፣ የሚያርፉት አብራሪዎች ሌላኛው ሊነሳ ነው ወይስ ይጠብቃል ብለው በራዲዮ ጠይቀው ነበር፣ መልስ የሰጣቸው ግን ከኋላ ተራ ይጠብቅ የነበረ የሌላ ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነው፣ እነሱ የመለሰላቸው ኪንግ ኤሩ መስሏቸው ማረፋቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ መንደርደሪያ ከመግባት በፊት ቆም ብሎ ግራ ቀኝ በአይን ማየት የግድ ነው፣ ራዲዮው ዝም ቢልም።