ፓራውልቱን ከመቅደድህ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ጋሼ። 24 ዓመቴ ነው። በአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ጨርሼ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) አልፌያለሁ። አሁን ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ጋራዥ ቦዲ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ደንበኛችን ቶዮታ ሴሊካ አለችው። ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትወርድም ደህና ናት። ስትመለስ ግን ዳገቱ ላይ ሙቀቷ ይወጣል። ደንበኛው የፊት ፓራውልቷ ተቀዶ ሰፊ አየር ማስገቢያ እንዲወጣላት፣ ኮፈኑም ወደ መስታወቱ አካባቢ ሁለት ቀዳዳ እንዲኖረው ይፈልጋል። ሥራው ለእኔ ተሰጥቶኛል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ስይዝ ምሳ መብላቱንም እረሳለሁ። ሙያዬ ላድርገው? ጓደኞቼ የነዳጅ መኪና እያለቀለት ነው፣ ጊዜህን አታባክን ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ግባ ትላለች። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ስለ ሙያህ ነው፤ እኔ ግን ከመኪናዋ ልጀምር። ይህችን ሴሊካ የምትይዝበት መንገድ የቀረውን ጥያቄ ግማሹን ይመልሰዋል።

የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። ከተማ ውስጥ አትሞቅም። ቁልቁለት ላይ አትሞቅም። በፍጥነት ዳገት ስትወጣ ትሞቃለች። ይህ ቀላል መረጃ አይደለም። መኪና ቆማ ወይም በቃሊቲ መጨናነቅ እየተንፏቀቀች ስትሆን በራዲያተሩ ውስጥ አየር የሚጎትተው ፋኑ ነው። ከ50 እና 60 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄድ ግን አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከፊት የሚመጣው ነፋስ ነው። ስለዚህ ፋኗ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። የቀረው ምንድን ነው? ወይ አየሩ ራዲያተሩን አቋርጦ አያልፍም። ወይ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል። ወይ እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት እስከ መጨረሻው አይከፍትም። ወይ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አይዝም። ከእነዚህ ውስጥ በግራይንደር የሚፈታው የትኛው ነው?

መጀመሪያ ክዳኑን እይ። ቀልዴን አይደለም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። መሃሉ ጠባብ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ኩላንቱና ክዳኑ የሚጠብቀው ግፊት ነው። 0.9 ባር የተጻፈበት ክዳን ጎማው ደርቆ ግፊቱን የሚለቅ ከሆነ፣ ምን የመሰለ ፓራውልት ብትሠራላት ዳገቱ ላይ ታፈላለች። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም እኛ አገር የተለመደ «መፍትሄ» ስለሆነ፣ መኖሩን ራሱ አረጋግጥ። ከሌለ አስገባ። ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ መሥራቱ ቤንዚን ከማስበላትና ሞተሩን ቶሎ ከመጨረስ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ ፓራውልቱን አውርድና እጅህን አስገብተህ ዳብስ። ከራዲያተሩ ፊት ራዲያተር የሚመስለው የኤሲው ኮንደንሰር አለ። በሁለቱ መሃል ጣት የምታስገባ ክፍተት ታገኛለህ። እዚያ ውስጥ የባህር ዛፍ ቅጠል፣ የነፍሳት ክንፍ፣ የደረቀ ጭቃ፣ አንዳንዴም የፌስታል ቁራጭ ተጣብቆ ይገኛል። ከፊት ስታየው ንጹህ ይመስላል፤ ሁለቱን ስትለያያቸው ጉድ ነው። ከዚያ ግራና ቀኙን እይ። ፋብሪካው አየሩን ወደ ራዲያተሩ የሚመራ ስስ ፕላስቲክና በየጠርዙ የተለጠፈ ስፖንጅ አስቀምጦ ነበር። ከሥርም የሞተር መሸፈኛ ነበር። አሁን አለ?

ከሌለ የት እንደጠፋ ልንገርህ። ቦዲ ክፍል ውስጥ ነው። መኪና ተጋጭታ ትመጣለች። ፊቷ ይፈታል፣ ይቃናል፣ ቀለም ይቀባል። ሲገጠም ያ ተራ የሚመስል ፕላስቲክ «ለምኑ ነው» ተብሎ ጥግ ይቀራል። ደንበኛው አያየውም፤ የሚያየው ቀለሙን ነው። ከዚያ አየሩ ከፊት ይገባና ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በራዲያተሩ ጥብቅ ክንፎች ውስጥ ተጨንቆ ከማለፍ ይልቅ በጎኑና በላይ በኩል ሾልኮ ይሄዳል። ሜካኒኩ ራዲያተር ይቀይራል፣ ፓምፕ ይቀይራል፣ መኪናዋ መሞቋን አትተውም። የቦዲ ሠራተኛ ስለ አየር ቢያውቅ ኖሮ ችግሩ ባልተፈጠረ ነበር። ይህችን ነገር ያዝልኝ፤ ወደ ሙያህ ስንመጣ እፈልጋታለሁ።

አሁን ወደ ደንበኛው ሐሳብ። ኮፈኑ ላይ ከመስታወቱ ሥር ያሰበውን ቀዳዳ ተወው። መኪና ስትሮጥ አየሩ መስታወቱ ላይ ተጋጭቶ እዚያ ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ፋብሪካዎች ወደ ጋቢና የሚገባውን አየር ከመስታወቱ ሥር የሚወስዱት ለዚህ ነው። እዚያ ከቀደድክ ስትሮጥ ሙቀቱ መውጣቱ ቀርቶ አየር ወደ ሞተሩ ክፍል ሊገባ ይችላል። ለራዲያተሩም መውጫውን ያጨናንቅበታል። መውጫ ቀዳዳ የሚያምርበትም የሚሠራበትም ቦታ የኮፈኑ የፊት ክፍል፣ ከራዲያተሩ ወዲያው ኋላ ነው። እዚያ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። «ሱባሩ ኮፈኑ ላይ አፍ አለው እኮ» የሚልህ ይኖራል። የኢምፕሬዛ ቱርቦ ኮፈን ላይ ያለው አፍ አየር የሚያቀብለው ከሞተሩ በላይ ለተቀመጠው፣ ከቱርቦው የሚወጣውን አየር ለሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ነው እንጂ ለራዲያተሩ አይደለም።

መግቢያውን ማስፋትም ቢሆን ብቻውን ዋጋ የለውም። በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ መስኮቱን ብታሰፋው ነፋሱ አይጨምርም። አየር የሚፈሰው ከፍ ካለ ግፊት ወደ ዝቅተኛው ነው፤ ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ቦታ ከታፈነ ከፊት ያለው ስፋት ምንም አያደርግም። እንዲያውም ዙሪያው በደንብ ከተደፈነ ከራዲያተሩ ፊት በጣም ያነሰ አፍ ይበቃል። መተላለፊያው እየሰፋ ሲሄድ አየሩ ፍጥነቱን ይቀንስና ግፊቱ ይጨምራል፤ ከዚያ ራዲያተሩን ረጋ ብሎ ያልፋል። ይህን የአውሮፕላን ሰዎች ቀድመው ያውቁታል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሜረዲዝ እ.ኤ.አ. በ1935 ያብራራው ሐሳብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፒ-51 ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን ሆድ ሥር ባለው የራዲያተር መተላለፊያ ላይ ሠርቷል። የእኛ ቮልስ ደግሞ ሞተሯ ከኋላ፣ ራዲያተር የሚባል የሌላት፣ በቺንጋ በሚዞር ፋንና በቆርቆሮ ሽፋኖቿ አዲስ አበባ ዳገት ላይ ስንት ዘመን ኖራለች። ከቆርቆሮዎቹ አንዱ ሲጎድል ትሞቅ ነበር። የድሮ የቮልስ ሜካኒኮችን ጠይቅ፣ ይነግሩሃል።

ግምት አይበቃህም፣ ለካ። ቀጭን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ግዛ። በዩ ቅርጽ አጥፈህ ባለቀለም ውሃ ግማሽ ድረስ ሙላው። አንዱን ጫፍ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው እሰር። ዩውን ጋቢና ውስጥ አድርገው። ጓደኛህ ይንዳ፣ አንተ አንብብ። በእኛ ከፍታ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመታ የሚሰጥህ ግፊት በጠቅላላው ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ነው። የባህር ዳርቻ ላይ 48 ገደማ ይሆን ነበር። ልዩነቱ አየራችን ስለሳሳ ነው፤ የውጭ ቪዲዮ አይተህ የምትኮርጀው ሁሉ እዚህ እኩል የማይሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቱቦህ የሚያሳይህ ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ አየሩ አያልፍም፣ ወይ ከኋላ ታፍኗል ማለት ነው። ጎን ለጎን የሙቀቱን ቁጥር ከመኪናዋ ኮምፒዩተር በስልክህ አንብብ። የዳሽቦርድ ጌጅን አትመን፤ ብዙዎቹ መሃል ላይ ቆመው ይዋሻሉ። ሙከራውን ስትደግም መንገዱ፣ ፍጥነቱና የቀኑ ሰዓት ተመሳሳይ ይሁን።

ይህን ሁሉ አድርገህ መቅደድ ካስፈለገ ቅደድ። ግን ኦሪጅናሉን አትንካው። ቅርጹን ወስደህ በፋይበር ግላስ ሌላ ሥራ፤ ያኛው ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከፓራውልቱ ኋላ ያለው ብረት ለግጭት የተቀመጠ ስለሆነ አይቆረጥም። የኤርባግ ሴንሰር ከፊት ካለ ቦታውን አትቀይርበት። ለቦሎ ምርመራም ጣጣ እንዳይሆን፣ የውጭ ቅርጹ ከመቀየሩ በፊት ደንበኛው ሊብሬውን ይዞ ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቅ።

ደንበኛው መልኩን ብቻ ፈልጎም ሊሆን ይችላል። ነውር የለውም። ግን ለመልክ የሠራኸውን «ለማቀዝቀዣ ነው» ብለህ አትሸጥለት። ዳገቱ ላይ ዳግም ሲሞቅበት ስምህ አብሮ ይሞቃል።

ወደ ሙያው ስንመጣ፣ የስፖርት መኪና ፊት ማሻሻል ብቻውን አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ አይሆንም። መኪኖቹ ጥቂት ናቸው። ባለቤቶቹም ይተዋወቃሉ፤ አንድ ሥራ ሲበላሽ ሁሉም ይሰማል። ጓደኞችህ የሚሉትም ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ከልክሏል። ስህተታቸው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። እዚህ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ነገ አይጠፉም፤ ያረጃሉ እንጂ። ያረጀ መኪና ደግሞ ይሞቃል። ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ሲኖው የእንጦጦንና የሱሉልታን ዳገት መውጣቱን አይተውም።

ኤሌክትሪኩስ? እሱም ይሞቃል። ባትሪው፣ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተርና ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ በፈሳሽ ይቀዘቅዛሉ፤ ያ ፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ከፊት በተቀመጠ ራዲያተር ነው። ብዙ ሞዴሎች ከፊት በኩል በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር መዝጊያ አላቸው። ዛሬ በየመንገዱ የምታያቸው መኪኖች ሲጋጩ የሚመጡት ቦዲ ክፍል ነው። ያንን መዝጊያ «ለምኑ ነው» ብሎ ጥግ የሚጥል ሠራተኛ በሽ ነው። አንተ ሌላው ሁን። ቦዲ እየሠራ ስለ አየርና ስለ ሙቀት የሚገባው ሰው እምብዛም የለም። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ቦታዬን እዚያ ላይ እተክል ነበር። ብርቱካናማዎቹን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ግን ሥልጠና ሳትወስድ በዋዛ እንዳትነካቸው።

እናትህ ትክክል ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። መጀመሪያ ሥራህን ሳትለቅ ደረጃ 4ን በማታ ጨርስ። ጄኔራል ዊንጌትም ተግባረ እድም ሄደህ ስለ ፈረቃው ጠይቅ፤ በስልክ የሚነገርህ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ከዚያ ዲግሪ ካሰኘህ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያው ሠፈርህ ጫፍ ነው፤ አዳማም ተሽከርካሪ ምህንድስና ይማራሉ። የመግቢያ መስፈርቱን ከሬጅስትራር ጠይቅ። እስከዚያ ሒሳብህን አትጣል። ፍሪካድ የሚባለውን ነጻ የሥዕል ሶፍትዌር ልመድ። የአየር ፍሰት የሚያሰሉት እንደ ኦፕንፎም ያሉት ነጻ ቢሆኑም ለጊዜው ይቆዩህ፤ በዩ ቱቦው የለካኸው ከሌለ ስክሪኑ ላይ የምታየው ቀለም ብቻ ነው።

ሴሊካዋን የሥራ ማስረጃህ አድርጋት። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ያገኘኸውን ጻፍ፣ የሙቀቱን ቁጥር በፊትና በኋላ አስቀምጥ፣ የቀየርከውን በሥዕል አሳይ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ነገ ለአስመጪ ድርጅት ወርክሾፕ ወይም ቢሾፍቱ አውቶሞቲቭን ለመሰለ መገጣጠሚያ ስታመለክት፣ ሲቪ ላይ «ታታሪ ነኝ» ከሚለው ይልቅ እሷን ዘርጋላቸው። የመኪናዋ ታርጋና የባለቤቱ ስም አይታይ፤ ፎቶውን ለመጠቀምም አስፈቅደው።

አንድ የሚከብድህ ነገር ይቀራል፤ ገንዘቡ። እኛ ዘንድ ሰው «ለማየት» አይከፍልም። ስለዚህ አለቃህን አስቀድመህ አማክር። ከጀርባቸው ከደንበኛው ጋር እንዳትዋዋል። የምርመራ ሂሳብ ለብቻው ይጠየቅ፤ ደንበኛው ሥራውን ካሠራ ከጠቅላላው ይቀነስለት በላቸው። ይህን ከሰሙ አብዛኞቹ ደንበኞች እሺ ይላሉ። ችግሩ ክዳንና ስፖንጅ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጋራዡ ለሠራው ይከፈለዋል፣ አንተም ፓራውልት ለመቅደድ አትገደድም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመብዛቱ በፊት አናግራቸው፣ ቱቦውን ደግሞ ቅዳሜ ግዛ።