መዳቡን በአሉሚኒየም ከመቀየርዎ በፊት

አንድ አንባቢያችን እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «አነስተኛ ወርክሾፕ አለን። ለዱቄት መንፊያ የሚሆን ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ሞተር እንሠራለን። ስታተሩ (የማይዞረው የሞተሩ ብረት) 24 ስሎት (ሽቦ የሚገባበት ቦይ)፣ 4 ፖል (የማግኔት ዋልታ) ነው። የመዳብ ዋጋ አላሠራ አለን። በዚያው ውፍረት የአሉሚኒየም ሽቦ ብንጠመጥም ችግር አለው?»

አዎ፣ ችግር አለው። የአሉሚኒየም ሬዚስታንስ (ከረንት እንዳያልፍ የመቋቋም መጠኑ) ከመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው። በዚያው አምፔር ሲሠራ ሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ይህን ለማካካስ የ0.50 ሚ.ሜ ሽቦ ወደ 0.64 ሚ.ሜ መወፈር አለበት። ስሎትዎ አሁኑኑ ጢም ብሎ ከሞላ ደግሞ የት ይገባል? ትላልቅ ፋብሪካዎች በአሉሚኒየም ይሠራሉ፤ ለዚያው ሬዚስታንስ ክብደቱ የመዳቡን ግማሽ ያህል ስለሆነ ያዋጣቸዋል። እነሱ ግን ስሎቱን ገና ከንድፉ ለአሉሚኒየም አስፍተው ነው የሚያወጡት። ጫፉን ማያያዝም ሌላ ጣጣ ነው፤ አሉሚኒየም ላይ ተራ ብየዳ እሺ አይልም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ከብረቱ ውጪ የተረፈውን መዳብ ነው። ጉልበት የሚሰጠው ስሎት ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ከብረቱ ውጪ የሚዞረው ክፍል ወዲያና ወዲህ ከማገናኘት በቀር ሥራ የለውም፤ ይሞቃል፣ ገንዘብ ይበላል። ከአንድ አሮጌ ጥቅል አንዲት ዙር ቆርጠው ያቃኑና ይለኩ። የብረቱ ቁልል 60 ሚ.ሜ ሆኖ ዙሩ 280 ሚ.ሜ ከሆነ የሚሠራው 120ው ብቻ ነው። 160ው ውጪ ነው ያለው!

ብዙ ጠምጣሚዎች እንዲህ ያለውን ሞተር አንዱን ጥቅል በሌላው ውስጥ አድርገው ነው የሚጠመጥሙት፤ በስሎት ቁጥር የአንዱ ፌዝ 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 13 ከ20፣ 14 ከ19 ይሆናል። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ለዚያው ፌዝ 2 ከ7፣ 8 ከ13፣ 14 ከ19፣ 20 ከ1 ያድርጉት። ሁለተኛው ፌዝ ከ6፣ ሦስተኛው ከ10 ይጀምራል። ልብ ይበሉ፣ የፌዙ ስሎቶች እነዚያው ናቸው፤ በየስሎቱ የሚያልፈው ከረንትም አቅጣጫው አልተለወጠም። ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ልዩነቱን አያውቀውም። የተለወጠው ውጪ ያለው መንገድ ነው፤ እሱም አጥሯል። ውጪ ያለው ክፍል በየጎኑ 10 ሚ.ሜ ቢያጥር ከ280ው 20 ሚ.ሜ ተቀነሰ ማለት ነው፤ 7 በመቶ መዳብ። ሬዚስታንሱም አብሮ ስለሚወርድ ሞተሩ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል። በዚያ ላይ 12ቱም ጥቅሎች እኩል ስለሆኑ አንድ ፎርማ (ጥቅሉ የሚጠመጠምበት ቅርጽ) ይበቃዎታል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የአንድ ፌዝ አራት ጥቅሎች ሲያያዙ ጭራ (የጥቅሉ መጨረሻ ጫፍ) ከጭራ፣ ራስ (የጥቅሉ መጀመሪያ ጫፍ) ከራስ ነው መሆን ያለበት። ሲያስገቡም የመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች አንድ ጎናቸው ሳይገባ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፤ ሠራተኛው እስኪለምደው ትንሽ ያስቸግረዋል። ፎርማውንም በአንድ ጊዜ አያሳጥሩት። ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር እየቀነሱ ይሞክሩ፤ የመጨረሻው ጥቅል በግድ መግባት ሲጀምር ይቁሙ። በግድ የገባ ሽቦ ቫርኒሹ ይላጣል፤ ያተረፉት መዳብም የተቃጠለ ሞተር ይዞ ይመለሳል።

ላሚኔሽኑን (ተደራርቦ የሞተሩን ብረት የሚሠራውን ስስ ላሜራ) ራሳችሁ የምትቆርጡ ከሆነ፣ ከካሬ ላሜራ ክብ ሲወጣ 21 በመቶው ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል። ክቦቹን ፊት ለፊት ደርድረው ከመቁረጥ ይልቅ የአንዱን ረድፍ ክብ በሌላው ረድፍ ክፍተት ላይ አፈራርቀው ቢያስጠጉት ከዚያ የተወሰነው ይተርፋል። የሮተሩንም ከስታተሩ መሐል ከሚወጣው ላይ ይቁረጡ። ኩሽኔታ ላይ ግን አይቆጥቡ፤ መንፊያ ይንቀጠቀጣል፣ ዱቄትም ይገባል።

የመጀመሪያውን ሞተር ሲጨርሱ የሦስቱን ፌዝ ሬዚስታንስ ይለኩ። እኩል፣ ከድሮውም ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከዚያ ያለ ጭነት ያስነሡትና አምፔሩን ከድሮው ሞተር ጋር ያስተያዩ። ተቀራራቢ ከሆነ ወደ ሥራ ይግቡ። አምፔሩ ዘሎ ሞተሩ ካጉረመረመ ቶሎ ያጥፉትና የጭራና የራሱን አያያዝ እንደገና ይፈትሹ፤ አንድ ጥቅል ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።