«ወድቆ ነው» አሉኝ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ሲና አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ሰሞኑን ፖሊስ አንድ እስረኛ ይዞ መጣ። አጃቢው «ከደረጃ ወድቆ ነው» አለኝ። ልጁ ግን ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በእግሩ ጠርዝ እየረገጠ ነው የገባው። ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ አብጠው ጠቁረዋል። አሁን የሕክምና ማስረጃ ጻፊ ተብያለሁ። ምን ልጻፍ? ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ለጤና ባለሙያዎችና ለሕግ ሰዎች በጋራ ስለ ማሰቃየት ምርመራ ስልጠና አለ ብለውኛል። እኔ የፎረንሲክ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን ያደርግልኛል?
እህታችሁ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽውን ጻፊ። «ወድቆ ነው» የአጃቢው ቃል ነው። አጃቢው እንዲህ አለ ተብሎ ይጻፍ፣ ያንቺ ግኝት ሆኖ ግን እንዳይገባ።

ከደረጃ የወደቀ ሰው ጉልበቱ፣ መዳፉ፣ ክርኑ ይላጣል። ሌላው አካሉ ደህና ሆኖ ሁለቱ ውስጥ እግሮቹ ብቻ የሚጠቁሩበት አወዳደቅ አይታየኝም። በደርግ ጊዜ ወፌ ላላ (ታስሮና ተዘቅዝቆ ውስጥ እግርን መገረፍ) የተገረፉ ሰዎች ይህን እግር በደንብ ያውቁታል። አጥንት ካልተሰበረ ኤክስሬይ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ እብጠቱም በቀናት ውስጥ ይጎድላል፤ ስለዚህ ልጁ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ የሚተርፈው አንቺ የጻፍሽው ብቻ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ፖሊሱ ይውጣ። አልወጣም ካለ፣ ማን እንደነበረና እንዳልወጣ ጻፊ። ልጁን «መቱህ ወይ?» አትበይው፤ «ምን ሆንክ?» በይውና የሚለውን በራሱ አነጋገር አስፍሪ። ግን ከዚያ በፊት ፈቃዱን ጠይቂ። ማታ ተመልሶ የሚያድረው እዚያው ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ የሚደርስበትን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ቁስሉን ለኪ፦ የት፣ ስንት ሳንቲሜትር፣ ምን ቅርጽ። ፎቶ ካነሳሽ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጊ። ጀርባውንም እይ፤ የዱላ ሰንበር ብዙ ጊዜ ሁለት ትይዩ መስመር ሆኖ መሃሉ ነጣ ይላል። የእጅ አንጓውን እይ። ክንዱን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተው ታስሮ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላልና ጠይቂው። በሰንበሩ ቀለም ብቻ ግን ቀኑን አትገምቺ፣ ያሳስታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «የለስላሳ አካል ጉዳት» ብለሽ ብትጨርሺ ውሸት አልጻፍሽም፣ ግን ለዳኛው ምንም አልነገርሽውም። የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባለው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው የምርመራ መመሪያ፣ ግኝቱን ከታካሚው ቃል ጋር አስተያዪ ይላል። መለኪያው አምስት ደረጃ አለው፦ አይጣጣምም፤ ይጣጣማል፤ በጣም ይጣጣማል፤ የዚህ ድርጊት የተለመደ ምልክት ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም ሊያመጣው አይችልም። ማን እንደመታው መወሰን ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ግን ግኝቱ ከልጁ ቃል ጋር ምን ያህል እንደሚጣጣም የምትናገረው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሌለች ጠበቃው ችሎት ላይ ቆሞ የሚይዘው የለውም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ልጁ «ተገርፌ ነው ያመንኩት» ቢል፣ አንቀጹን ሥራ ላይ የሚያውለው ያንቺ ወረቀት ነው።

ስልጠናው በጋራ የሆነውም ለዚህ ነው፣ እኔም በጣም ደስ ብሎኛል። ሐኪሙ ዳኛው ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው ማለት ሰውየው አልተመታም ማለት እንዳልሆነ ላያውቅ ይችላል። ወይም ተጎጂው ቀንና ሰዓት ሲያምታታ ዋሸ ይለዋል፤ እንቅልፍ ያጣና የተሰቃየ ሰው ግን ትውስታው ሊቆራረጥ ይችላል፣ ይህን ማስረዳት የናንተ ፋንታ ነው።

የፎረንሲክ ሐኪም አለመሆንሽ አያግድሽም። በ2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ፕሮቶኮል በዕለት ተዕለት ሥራቸው እንዲህ ያለ ታካሚ ለሚገጥማቸው የጤና ባለሙያዎችም ምዕራፍ አለው። ኢትዮጵያ በ1994 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የፀረ ማሰቃየት ስምምነትም በአንቀጽ 10 የሕክምና ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ እንዲሰለጥኑ መንግሥትን ያስገድዳል። ስለዚህ ማንም ውለታ እየዋለልሽ አይደለም።

ሂጂ። ስትሄጂም ስምና መለያ የሌለበት አንድ የቆየ ማስረጃ ግልባጭ ያዢ፤ አጠገብሽ ለተቀመጠው የሕግ ሰው ስጪውና «ይህን ይዘህ ምን ትከራከራለህ?» ብለሽ ጠይቂው።